«ገባችሁ?» «አዎ!»፦ የክፍል ምልከታን በቪዲዮ ስለማሠልጠን

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመለስንላቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከሀዋሳ የመጡ ናቸው፤ ከመምህራን ማሠልጠኛ፣ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና ከጉድኝት ማዕከል (በአንድ የተሰባሰቡ የአቅራቢያ ትምህርት ቤቶች) ሱፐርቫይዘር። ጉዳዩ አንድ ነው፦ ጀማሪ መምህር የሌላውን ክፍል ገብቶ ሲቀመጥ ምን ማየት እንዳለበት በቪዲዮ ማስተማር ይቻላል ወይ? ተቀራራቢዎቹን አጣምረናል።

ጥያቄ፦ እጩ መምህራንን ለፕራክቲከም (በትምህርት ቤት ለሚደረግ የማስተማር ልምምድ) ስንልክ የምልከታ ቅጽ ይዘው ይሄዳሉ። ሲመለሱ ግን ሁሉም የሚጽፉት አንድ ነው፤ «መምህሩ በቂ ዝግጅት አድርጓል፤ ተማሪዎችን አሳትፏል፤ የክፍል አያያዙ ጥሩ ነው»። አርባ ቅጽ ብንሰበስብ አርባውም ይኸው ነው። ቪዲዮ ይረዳናል የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ከየት እንጀምር?
(የፕራክቲከም አስተባባሪ)

መልስ፦ ከቅጹ ጀምሩ። አብዛኛው ቅጽ «ተማሪዎችን ያሳትፋል» ይልና «በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ ዝቅተኛ» የሚሉ ሳጥኖች ያስከትላል። ፍርድ ለጠየቀ ቅጽ የሚሰጠውም ፍርድ ነው። እጩው ደግሞ ነገ እዚያው ትምህርት ቤት ሊመደብ ስለሚችል ያስተናገደውን መምህር ማስቀየም አይፈልግም፤ «ጥሩ» ላይ ምልክት አድርጎ ይወጣል። ይህ ስንፍና አይደለም። ማየትና መፍረድ የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ማንም አላለማመደውም።

ቪዲዮ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የቀጥታ ክፍል አንዴ ካለፈ አለፈ፤ ሁለት እጩዎች ቢከራከሩ የሚዳኛቸው የለም። ቪዲዮ ግን ወደ ኋላ ይመለሳል። «ተማሪዎቹ ተሰላችተዋል» ያለው እጩ «የቱ ጋ?» ሲባል ወይ ደቂቃውን ያሳያል፣ ወይ ያጣዋል። ስለዚህ ምርጥ መምህር የሚታይበት «ሞዴል» ቪዲዮ ፍለጋ አትድከሙ። ተራ የ5ኛ ክፍል ትምህርት ይበቃል፤ እንዲያውም ይሻላል። ሞዴል ትምህርት ሲያዩ እጩዎች ማድነቅ እንጂ ማስተዋል አይሆንላቸውም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ሙሉውን 40 ደቂቃ በማሳየት ነው። በአሥረኛው ደቂቃ ላይ ተመልካቹ ራሱ ተማሪ ሆኖ ትምህርቱን መከታተል ይጀምራል። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ቆርጣችሁ አውጡ፤ ለ90 ደቂቃ ሥልጠና ከበቂ በላይ ነው።

በመጀመሪያው ዕይታ እስክሪብቶ አይነሳም። ዝም ብለው ያያሉ፤ ከዚያ እያንዳንዱ አንዳንድ ነገር ይናገራል፣ አሠልጣኙም ሳያርም እንደተባለው ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ከተጻፈው ግማሽ ያህሉ ፍርድ እንደሚሆን ጠብቁ። የአሠልጣኙ ጥያቄ አንድ ብቻ ይሁን፦ «ከምን አወቅህ?» «ተሰላችተዋል» የሚለው ተፈልፍሎ «በመስኮቱ በኩል በሦስተኛው ዴስክ ያለው ልጅ ከ2፡10 እስከ 2፡40 ራሱን ደብተሩ ላይ አስተኝቷል» ይሆናል። ልጁ ተሰላችቶ ነው፣ አሞት ነው ወይስ ቁርስ ሳይበላ መጥቶ? ቪዲዮው አይናገርም። እጩው ይህን «አላውቅም» ማለት ሲለምድ ሥልጠናው ሠራ ማለት ነው።

ለሁለተኛው ዕይታ ሦስት ዓምድ ያለው ወረቀት ይታደል፦ ሰዓት፣ ያየሁትና የሰማሁት፣ የምጠይቀው። ሦስተኛው ዓምድ እስከ መጨረሻው ባዶ ይቆያል። ለሦስተኛው ዕይታ ድምፁን አጥፉና ዓይን ሁሉ ተማሪዎች ላይ ይሁን። ይህ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ደረጃ ነው። ጀማሪ ተመልካች ድምፅ እስከሰማ ድረስ ዓይኑን ከመምህሩ አይነቅልም፤ ድምፁ ሲጠፋ ነው ከኋላ የተቀመጡት ልጆች «የሚወለዱት»።

በዚህ መንገድ የተያዘ ማስታወሻ ይህን ይመስላል (ቁጥሮቹ የቪዲዮው ደቂቃና ሰከንድ ናቸው)፦

1፡12 መምህርት፦ «የዕፅዋት ምግብ የት ይዘጋጃል?»
1፡13 መምህርት፦ «ቅጠል ላይ አይደለም?»
1፡14 ተማሪዎች በአንድ ድምፅ፦ «ነው!»
1፡16 መምህርት፦ «ገባችሁ?» ተማሪዎች፦ «አዎ!»
1፡18 መምህርት ወደ ሰሌዳው ዞረች።

ይህችው ስድስት ሰከንድ በአሮጌው ቅጽ ላይ «ጥያቄ በመጠየቅ ተማሪዎችን አሳትፋለች» ተብላ ትመዘገባለች። በማስታወሻው ላይ ግን ጥያቄውንም መልሱንም የተናገረችው መምህርቷ መሆኗ፣ በመሃሉ ያለፈው አንድ ሰከንድ መሆኑ፣ አንድም ልጅ ለብቻው አለመናገሩ ይታያል። አሜሪካዊቷ የትምህርት ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባወጣቻቸው ጥናቶች መምህራን ከጥያቄ በኋላ በአማካይ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል እንደሆነ፣ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ ግን የተማሪው መልስ እንደሚረዝምና የሚመልሱትም እንደሚበዙ አሳይታለች። «ገባችሁ?» የሚባለው ጥያቄ ደግሞ በእኛ ክፍሎች ከ«አዎ» ሌላ መልስ የለውም። እጩዎቹ ይህን ከቪዲዮው ራሳቸው ቆጥረው ሲደርሱበት፣ ማንም ሳይሰብካቸው የራሳቸውን «ገባችሁ?» መቁጠር ይጀምራሉ።

በመጀመሪያው ሳምንት ያዩትን መጻፍ ብቻ፤ በሁለተኛው ጥያቄና የመጠበቂያ ጊዜ፤ በሦስተኛው ማን እንደተጠየቀ። ለሦስተኛው የመቀመጫ ንድፍ ይሳልና ለእያንዳንዱ ጥሪ ጭረት ይደረጋል፤ ለሴት ክብ፣ ለወንድ ሦስት ማዕዘን። ጭረቱ ብዙውን ጊዜ ከፊትና ከመካከል ይከማቻል። በአራተኛው ሳምንት የቪዲዮውን ርዝመት ወደ 15 ደቂቃ አሳድጉ።

ጥያቄ፦ በሞባይል ቀረጽን። መምህሩ ጥቁር ጥላ ሆኖ ወጣ፤ ከድምፁ ይልቅ የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማል፤ 23ኛው ደቂቃ ላይ ስልክ ተደውሎ ቀረጻው ተቋረጠ። ካሜራ መግዛት አለብን?
(የአንደኛ ደረጃ መምህር፣ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ የለባችሁም። ሦስቱም የአቀማመጥ ችግር ናቸው።

ጥላው የመጣው ስልኩ ወደ መስኮት ፊቱን አዙሮ ስለቆመ ነው። ስልኩ ጀርባውን ለመስኮቱ ይስጥ። መስኮት በሁለቱም በኩል ካለ፣ ጠዋት ከምሥራቅ በኩል፣ ከሰዓት ከምዕራብ በኩል ይቁም። ቀረጻው ሳይጀመር ስክሪኑ ላይ የመምህሩን ፊት ተጭናችሁ ያዙ፤ ብዙ ስልኮች ብርሃኑንና ፎከሱን እዚያው ይቆልፉታል። ያለበለዚያ መምህሩ በመስኮት ፊት ባለፈ ቁጥር ምስሉ ይጨልማል፣ ይነጣል።

ስልኩን ከኋላ መሃል ላይ ማቆም የተለመደ ነው፤ የሚገኘው ግን የሃምሳ ልጅ ማጅራት ነው። ለምልከታ ሥልጠና የሚሻለው ከሰሌዳው ጎን ያለው የፊት ጥግ ነው፤ ከዚያ የተማሪዎቹ ፊትም መምህሩ ሲዘዋወርም ይታያል። ሰሌዳው አይታይም፤ ትምህርቱ ሲያልቅ በፎቶ አንሱት። ከፍታው ከ1.5 ሜትር አይነስ፤ ስልኩ ወደ ጎን ይተኛ። ተማሪ የሚጽፍበት ዴስክ ላይ ከተቀመጠ ምስሉ በየመስመሩ ይንቀጠቀጣል፤ የመስኮት ደፍ ወይም አሸዋ የተሞላ የሁለት ሊትር ሃይላንድ ይሻላል። ዙም አታድርጉ፤ የተራ ስልክ ዙም ምስሉን ያደበዝዘዋል እንጂ አያቀርበውም።

ድምፁ ከምስሉ የበለጠ ያስቸግራል፤ በግልጽ የማይሰማ ቪዲዮ ለምልከታ ሥልጠና ከንቱ ነው። ሰባት ሜትር ርቆ የቆመ ስልክ የሚሰማው አጠገቡ ያለውን ልጅና ከውጭ የሚመጣውን ነው። አንገት ላይ የሚቆነጠጥ ባለገመድ ማይክ ካለ ጥሩ። ከሌለ ሁለተኛ ስልክ የድምፅ መቅጃው በርቶ በመምህሩ የደረት ኪስ ይግባ፤ የብዙ ስልኮች ዋና ማይክ ከታች ስለሆነ ተገልብጦ ይቀመጥ። ሁለቱም መቅረጽ ሲጀምሩ መምህሩ በካሜራው ፊት አንዴ ያጨብጭብ፤ በኋላ ምስልና ድምፅ የሚገጣጠሙት በዚያች ጭብጨባ ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ለሚወርድ ዝናብ ግን መፍትሔ የለውም፤ ሌላ ቀን ቅረጹ።

ለስልክ ጥሪው ኤርፕሌን ሞድ ይበቃል። የጥራት ደረጃውን በ720ፒ አድርጉት። 40 ደቂቃ በዚህ ጥራት እንደ ስልኩ ዓይነት ከ2.5 እስከ 3.5 ጊጋባይት ይይዛል፤ በ1080ፒ ወደ 5 ጊጋ ይጠጋል። ይህን የምንለው በምክንያት ነው፦ በፋት 32 የተፎረመተ ሚሞሪ ካርድ ወይም ፍላሽ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። «ቦታ እያለው እምቢ አለኝ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው፤ ፍላሹን በኤክስፋት ፎርማት ማድረግ ይፈታዋል።

ጥያቄ፦ ካሜራው ሲቆም ልጆቹ ፀጉራቸውን ማስተካከል ይጀምራሉ፤ እኔም እንደ ዜና አንባቢ እናገራለሁ። እንዲህ ያለ ቪዲዮ ምን ይጠቅማል?
(ጀማሪ መምህርት፣ ታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ሁለት ቀን ሳይቀርጽ እዚያው ይቁም፤ በሦስተኛው ቀን ይቅረጹ። ከስልኩ ኋላ ሰው እንዳይቆም፤ ልጆች የሚያዩት ሰውየውን ነው። የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ለሥልጠና አይጠቀሙባቸው። ቪዲዮውን ደግሞ ከማንም በፊት እርስዎ ለብቻዎ ይዩት፤ የድምፅና የመልክ ድንጋጤው በመጀመሪያው ዕይታ ይወጣልና። ለጓደኞችዎ የሚታየውን አምስት ደቂቃም የሚመርጡት እርስዎ ይሁኑ።

ጥያቄ፦ ሦስት አማካሪ መምህራን አንድ ቪዲዮ አይተው ሦስት የተለያየ ነጥብ ሰጡ። ማንን እንመን?
(የጉድኝት ማዕከል ሱፐርቫይዘር)

መልስ፦ ለጊዜው ማንንም። መጀመሪያ የሚቆጠር ነገር ላይ ይስማሙ።

የ10 ደቂቃ ቪዲዮ ይምረጡና በየ20 ሰከንዱ ድምፅ የሚያሰማ ሰዓት ያዘጋጁ። ድምፁ በተሰማ ቁጥር እያንዳንዱ ተመልካች በዚያች ቅጽበት እየሆነ ላለው አንድ ምልክት ይጽፋል፦ «መ» መምህር ይናገራል፣ «ተ» አንድ ተማሪ ለብቻው ይናገራል፣ «ኅ» ተማሪዎች በኅብረት ይመልሳሉ፣ «ጽ» ይጽፋሉ ወይም ይገለብጣሉ፣ «ሌ» ሌላ። በ10 ደቂቃ 30 ምልክት ይሆናል። ሁለት ሰዎች በ24ቱ ከተስማሙ 24 ለ30 ሲካፈል 80 በመቶ ነው፤ በሙያው እንደ ዝቅተኛ ወሰን የሚያዘው በአብዛኛው ይህ ነው።

እዚህ ላይ የሚያታልል ነገር አለ። በቪዲዮው ውስጥ መምህሩ ከ30ው በ27ቱ የሚናገር ከሆነ፣ ዓይኑን ጨፍኖ «መ፣ መ፣ መ» እያለ የጻፈ ሰው 90 በመቶ ያገኛል! ስለዚህ ለልምምድ የተለያየ እንቅስቃሴ ያለበትን ክፍል ይምረጡ፤ አልፎ አልፎ የሚታየውን ምልክትም ለብቻው ይፈትሹ። ለምሳሌ አንዷ «ተ» 4 ጊዜ፣ ሌላው 5 ጊዜ ጽፈው የተገናኙት በ2ቱ ብቻ ነው እንበል። በቀሩት ሁሉ ከተስማሙ አጠቃላይ ስምምነቱ 25 ከ30፣ ማለትም 83 በመቶ ነው፤ ወረቀት ላይ ያምራል። ነገር ግን አንድ ልጅ ለብቻው ሲናገር ከተመዘገበባቸው 7 ቅጽበቶች ሁለቱ የተስማሙት በ2ቱ ነው። ይበልጥ ማወቅ የምንፈልገውን ነገር አላዩትም ማለት ነው።

የልዩነቱ ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ የዓይን ድክመት አይደለም፤ ያልተበየነ ቃል ነው። ግማሹ ክፍል ብቻ ሲመልስ «ኅ» ነው? አንድ ልጅ ከሰሌዳው ላይ ሲያነብ «ተ» ነው? ልጆች እየገለበጡ መምህሩ ሲናገር የቱ ይጻፋል? ባልተስማሙበት ቅጽበት ቪዲዮውን አቁመው ይወስኑና ውሳኔውን በአንድ ገጽ ላይ ያስፍሩ። ገጿ በየሳምንቱ ትረዝማለች፤ ይርዘም። በወር አንድ ጊዜ የቀድሞ ቪዲዮ መልሰው ያሳዩ፤ ሰው ሳያውቀው መለኪያው ይንሸራተታል።

ከዚህ የረቀቁ መሣሪያዎች አሉ። አሜሪካዊው የትምህርት ተመራማሪ ኔድ ፍላንደርስ የክፍል ንግግርን ለመመዝገብ ያዘጋጀው ሥርዓት 10 ምድቦች አሉት፤ ሰባቱ ለመምህር ንግግር፣ ሁለቱ ለተማሪ ንግግር፣ አንዱ ለዝምታ ወይም ለግርግር። በየ3 ሰከንዱ ስለሚመዘገብ በደቂቃ 20 ምልክት ይሆናል። ሰባት ለሁለት የሚለው አከፋፈል ራሱ ክፍል ውስጥ ማን እንደሚናገር ይናገራል። ለጀማሪ ግን ከባድ ነው፤ በአምስት ምልክት ይጀምሩ።

ጥያቄ፦ በኢንተርኔት የምናገኘው ቪዲዮ 22 ልጆች ምንጣፍ ላይ የተቀመጡበት የውጭ ክፍል ነው። የእኛ ደግሞ በሲዳሙ አፎ (በሲዳማ ቋንቋ) የሚሰጥ ትምህርት ነው፤ ከአሠልጣኞቹ ቋንቋውን የማያውቁ አሉ።
(የመምህራን ማሠልጠኛ አሠልጣኝ)

መልስ፦ የውጭውን ለአንድ ነገር ተጠቀሙበት፦ ድምፅ አጥፍቶ ማየትን ለመለማመድ። ከዚያ ካለፈ ውይይቱ «እነሱ እኮ 22 ናቸው» ላይ ያልቃል። አንዳንድ ሠልጣኝ ደግሞ ቪዲዮ ሲባል የሚታወሰው በ1997 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሁለተኛ ደረጃ የገባው ፕላዝማ ነው፤ ስክሪኑ አስተማሪ፣ መምህሩ ተከታይ የነበረበት። ይህኛው ተቃራኒው መሆኑን ከመጀመሪያው ንገሯቸው፦ ስክሪኑ አያስተምርም፣ ይመረመራል።

ቋንቋውን ለማያውቅ አሠልጣኝ የአምስቱን ደቂቃ ንግግር የሚችል ሠልጣኝ አስቀድሞ ቃል በቃል ይጻፈው፣ ከጎኑም በአማርኛ ይተርጎም። ለ5 ደቂቃ ንግግር አንድ ሰዓት ያህል መድቡ። የጻፈው ሠልጣኝ ከሁሉም በላይ ይማርበታል፤ የመምህሩን ንግግር በእጁ ሲጽፍ ስንት ዐረፍተ ነገር ሳይጨረስ እንደቀረ ያያልና። ጥያቄው «ምን ማለቱ ነው?» ከሚል «ምን አለ?» ወደሚል እንዲወርድም ይረዳል።

ጥያቄ፦ ቪዲዮው እጃችን ላይ ካለ ለመምህራን የሥራ አፈጻጸም ምዘናም ብንጠቀምበትስ?
(ርዕሰ መምህር)

መልስ፦ አይጠቀሙ። አንዴ ለነጥብ ከዋለ ከዚያ በኋላ የሚቀረጸው ትምህርት ሁሉ የተጠና ድራማ ይሆናል፤ ልጆቹም መልሱን ከትናንት ጀምሮ ያውቁታል። ምዘናው የራሱ መንገድ አለው። ሥልጠናውን በተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ ሥር ያስገቡት፤ 90 ደቂቃ የሚወስድ ስምንት ስብሰባ 12 ሰዓት ነው፣ መምህሩ በዓመት ከሚጠበቅበት 60 ሰዓት ላይ ይታሰብለታል።

ከመቀረጹ በፊት አንድ ገጽ ስምምነት ይጻፍ፦ ማን ያየዋል፣ የት ይቀመጣል፣ በስንት ቀን ይጠፋል፣ መምህሩ «ይጥፋ» ካለ ምን ይሆናል። የልጅ ፊትና ድምፅ የግል መረጃ ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይወሰድ፤ ደብዳቤውም ወላጁ በሚያነበው ቋንቋ ይሁን። ወላጁ ያልፈቀደለት ልጅ ከክፍል አይወጣም፤ ካሜራው በማያየው ጥግ ይቀመጣል። ፊት ጥግ የቆመ ስልክ ከራሱ ጎን ያለውን ረድፍ ስለማያይ ቦታ አይጠፋም። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ለመምህራን ብቻ» ተብሎ የተለቀቀ ቪዲዮ በማግስቱ የት እንደሚገኝ ሁላችንም እናውቃለን፤ በፍላሽ ይዘዋወር፣ ፍላሹም በአንድ ሰው እጅ ይሁን።

ጥያቄ፦ ከቪዲዮ ወደ እውነተኛ ክፍል መቼ እንሸጋገር? ያለን አንድ ላፕቶፕ ነው፤ መብራትም ይጠፋል።
(አማካሪ መምህር፣ ሁዌላ ቱላ)

መልስ፦ በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ከስድስት ሰው በላይ አይቀመጥ፤ ሰባተኛው የሚያየው የጎረቤቱን ትከሻ ነው። ቡድኑን ለሁለት ይክፈሉት፤ ግማሹ ሲያይ ግማሹ ያለፈውን ማስታወሻ ያመሳክር። ውስጠ ስፒከሩ ስለማይበቃ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ስፒከር ይያዙ። የቪዲዮውን ንግግር በወረቀት አባዝተው ከመጡ መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም።

መሸጋገሪያው ይህ ነው፦ ከዚህ በፊት ባላዩአቸው ሁለት ቪዲዮዎች ላይ 80 በመቶ የደረሱ ጥንዶች ወደ ክፍል ይግቡ። የመጀመሪያው የቀጥታ ምልከታ 10 ደቂቃ ብቻ፣ አንድ ትኩረት ብቻ፤ የመጠበቂያ ጊዜ ከሆነ የመጠበቂያ ጊዜ። ጥንዶቹ በተለያየ ጥግ ይቀመጡ፤ ጎን ለጎን ከተቀመጡ አንዱ ከሌላው ይገለብጣል። ወንበሩ ከኋላ ሳይሆን ከጎን፣ የልጆቹ ፊት በሚታይበት ይሁን። ከክፍል እንደወጡ፣ ሻይ እንኳ ሳይባል፣ ሁለቱ ወረቀቶች ይመሳከሩ። ለመምህሩ የሚነገረውም ከሁለተኛው ዓምድ፣ «ያየሁትና የሰማሁት» ከሚለው፣ ብቻ ነው፤ «4፡25 ላይ ጠይቀው ሰባት ሰከንድ ጠበቁ፤ ከበሩ አጠገብ ያለችው ልጅ ያን ጊዜ እጇን አወጣች» ይባላል፣ የቀረውን መምህሩ ራሱ ይናገራል።